የማጣቀሻ ዝርዝሩ ላይ ያለ ስም

ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ሒሳብ ካጠናችሁ ኮርስ አውትላይን የሚባለውን ወረቀት ታውቁታላችሁ። የመጀመሪያውን ገጽ ሁሉም ያነበዋል፤ ሚድ ስንት በመቶ እንደሚያዝ፣ አሳይመንት መቼ እንደሚገባ የተጻፈው እዚያ ነው። የመጨረሻውን ገጽ ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እዚያ ያለው የማጣቀሻ መጻሕፍት ዝርዝር ነው፤ ከላይ እስከ ታች ማለት ይቻላል የውጭ ሰው ስም።

የሊኒየር አልጀብራው ዝርዝር ላይ ግን መሃል ላይ አንድ የእኛ ስም አለ፦ ደምሱ ገመዳ። የመጽሐፉ ርዕስ በአማርኛ ሲመለስ «የሊኒየር አልጀብራ መግቢያ» ነው፤ አሳታሚው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ትምህርት ክፍል፣ ዓመቱ 2000 እ.ኤ.አ.። አገር አቀፍ ሆኖ በተጣጣመው የሒሳብ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ስለገባ፣ በየክልሉ ያሉ የሒሳብ ተማሪዎች ወረቀት ላይ ይኸው ስም ይገኛል። የቁጥር ቲዎሪው ዝርዝር ላይ ደግሞ ሌላ አለ፤ ይስማው ዓለሙ።

እኔ ሰመራ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ያደግሁት አዋሽ ሰባት ኪሎ ነው፤ ሁለቱም አፋር ክልል ውስጥ ያሉ፣ በአንድ የጅቡቲ መንገድ የተያያዙ ከተሞች ናቸው። ሦስተኛ ዓመት በማስተማር ላይ እያለሁ ከአሳይታ የመጣች አንዲት ተማሪ ወረቀቱን ይዛ መጣችና፣ «ቲቸር፣ እኚህ ሰው ግን ከዚህ መጽሐፍ ሌላ ምን ሠርተዋል?» አለችኝ። የመጨረሻውን ገጽ ያነበበች የመጀመሪያዋ ተማሪዬ ነበረች።

መልሱን ፍለጋ የሄድኩበት መንገድ ይህን ጽሑፍ አስጻፈኝ። ምክንያቱም የሒሳብ ተመራማሪ ሕይወት ምን ይመስላል ብሎ ለሚጠይቅ ወጣት፣ ከዚያ ስም የተሻለ መግቢያ አላገኘሁም።

*

መጀመሪያ ስለ መንገድ ላውራ። ግድ የለም፣ ሒሳቡ ከዚያ ይወጣል።

አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ጅቡቲ ወርዶ ይጭናል፣ አዲስ አበባ ያራግፋል። ከቤታችን ካርታ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ካርታው እሱ ጭንቅላት ውስጥ ነበር። እማዬ ስልክ ደውላ «መንገድ ተዘግቷል ይላሉ» ስትለው ሁልጊዜ የሚመልሰው አንድ ነው፦ «ዞሮ የሚገባበት ካለ አልተዘጋም።»

ይህ ዓረፍተ ነገር ቶፖሎጂ ነው። ቶፖሎጂ የሚባለው የሒሳብ ዘርፍ ርቀት አይለካም፤ መንገዱ ስንት ኪሎ ሜትር ነው፣ ቀጥ ያለ ነው ወይስ ጠመዝማዛ፣ አይገደውም። የሚጠይቀው ምኑ ከምኑ ጋር ተያይዟል፣ ዞሮ የሚገጥም ቀለበት ስንት አለው የሚለውን ነው።

እስቲ አብረን እንቁጠር። አዲስ አበባ፣ አዋሽ፣ ሚሌ፣ ኮምቦልቻ፤ አራት ከተሞች። ከአዲስ አበባ አዋሽ፣ ከአዋሽ ሚሌ፣ ከሚሌ በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ በደብረ ብርሃን አድርጎ አዲስ አበባ፤ አራት መንገዶች። ደንቡ ይህ ነው፦ ሁሉም ከተሞች የተያያዙ ከሆነ፣ ከመንገዶቹ ቁጥር የከተሞቹን ቁጥር ቀንሱና አንድ ጨምሩ። አራት ሲቀነስ አራት ሲደመር አንድ፤ አንድ ቀለበት። ትክክል ነው፤ ዞረን አዲስ አበባ ገብተናል።

አሁን ሰመራን እንጨምር። አንድ ከተማ ጨመርን፣ ከሚሌ ሰመራ አንድ መንገድ ጨመርን። አምስት ሲቀነስ አምስት ሲደመር አንድ፤ አሁንም አንድ ነው። ሰመራ ቀለበቱን አልነካችውም፤ እንደ ቅርንጫፍ ጫፍ ተንጠልጥላለች። ቀጥሎ ከአዋሽ ድሬዳዋን፣ ከድሬዳዋ ጅቡቲን፣ ከጅቡቲ በጋላፊ አድርጎ ሰመራን አያይዙ። ሰባት ከተሞች፣ ስምንት መንገዶች። ስምንት ሲቀነስ ሰባት ሲደመር አንድ፤ ሁለት ቀለበት። ጫፍ የነበረችው ሰመራ አሁን የቀለበት አካል ሆነች።

የአዋሽ ወንዝን ደግሞ ከነዋና ገባሮቹ ሣሉት፤ ከሰም፣ ቦርከና፣ ሚሌ፣ ሎጊያ። ገባር ዋናውን ወንዝ ይቀላቀላል እንጂ ዞሮ ወደ መነሻው አይመለስም። ቀለበቱ ዜሮ ነው። ወንዙና መንገዱ በአንድ ሸለቆ ጎን ለጎን ይወርዳሉ፤ በቶፖሎጂ ዓይን ግን አንዱ ዛፍ ነው፣ አንዱ ቀለበት ያለው መረብ ነው። ውሃው ቢታገድ ሌላ መሄጃ የለውም። የአባቴ መኪና ግን አለው።

ክፍል ውስጥ ይህን ስሠራ ተማሪዎቼ ካርታውን ከእኔ ይቀማሉ። አንዱ አዲግራትን ይጨምራል፣ አንዷ ጭፍራን። ቁጥሩ ግን ሁሌም ደንቡን ይከተላል።

*

እስካሁን የቆጠርነው ቁጥር ነው። 1920ዎቹ ውስጥ ጀርመን፣ ጎቲንገን ላይ ኤሚ ኖተር የምትባል የአልጀብራ ሊቅ ለቶፖሎጂ ሰዎች አንድ ነገር አሳሰበች፦ ቀለበቶቹን ቆጥራችሁ ብቻ አትተዉ፤ ቀለበቶች ይደመራሉ። አንዱን ዞራችሁ ከዚያ ሌላውን ብትዞሩ ሦስተኛ ዙር አገኛችሁ። ወደ ኋላ ብትዞሩ ተቀናሽ ነው። ስለዚህ በቁጥሩ ምትክ ሙሉውን የመደመሪያ ሥርዓት ያዙት፤ ቁጥሩ የዚያ ሥርዓት ጥላ ነው።

ከዚህ በኋላ ቶፖሎጂና አልጀብራ ተለያይተው የሚኖሩበት ዘመን አበቃ። አንድ ቅርጽ ስትሰጡት አንድ የአልጀብራ ሥርዓት የሚመልስ ማሽን ተፈጠረ። ችግሩ ማሽኖቹ በዙ። የትኛው ማሽን ከየትኛው ጋር ይስማማል? ስንል ምን ማለታችን ነው? ሳሙኤል አይለንበርግና ሶንደርስ ማክሌን በ1945 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ለዚህ መናገሪያ ቋንቋ ፈጠሩ። ካተጎሪ ቲዎሪ የተወለደው እንዲህ ነው።

ካተጎሪ ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ነጥቦች አሉ፣ በነጥቦቹ መካከል ቀስቶች አሉ፣ አንዱ ቀስት ከደረሰበት ሌላው ሲነሳ ሁለቱን ቀጥሎ አንድ ቀስት ማድረግ ይቻላል። አፋር አገር ለኖረ ሰው ይህን ለማስረዳት ሩቅ አልሄድም፤ ዳጉ አለ። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ እንዲሁ ሰላም ተባብለው አይተላለፉም። ቁጭ ይባላል። ያየኸው ምንድን ነው? የሰማኸው ምንድን ነው? ከማን ሰማህ? ያየ ያየውን ይላል፣ የሰማ የሰማውን ይላል፣ ሁለቱ አይደባለቁም። ከዚያ ሰሚው ይሄድና ለሚቀጥለው ይነግራል። ወሬው ከሰው ሰው እየተቀጠለ በረሃውን ያቋርጣል፤ ቀስት በቀስት ላይ።

የካተጎሪ ቲዎሪ ትልቁ ሐሳብ ደግሞ ይህ ነው፦ አንድን ነገር ለማወቅ ውስጡን መበርበር የለብህም፤ ወደ እሱ የሚመጡትን ቀስቶች በሙሉ ካወቅህ እሱን አወቅኸው። ዮኔዳ ሌማ ይባላል፤ በጃፓናዊው ኖቡኦ ዮኔዳ ስም። ስሙን ያወጣለት ማክሌን ራሱ ነው፤ ነገሩን የሰማውም ፓሪስ፣ ጋር ዱ ኖር የሚባለው ባቡር ጣቢያ ካፌ ውስጥ ከዮኔዳ ጋር ቁጭ ብሎ ነው። ወሬያቸው የዮኔዳ ባቡር እስኪነሳ ድረስ ቀጠለ ይባላል። አዋሽ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ላደገ ሰው ይህ ታሪክ እንግዳ አይደለም። ዳጉ ነው፤ ልዩነቱ የተወራው ስለ ቀስቶች መሆኑ ብቻ።

*

ወደ ስሙ እንመለስ።

ደምሱ ገመዳ በ1976 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ፣ ብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ቴሲሳቸውን አስገቡ። የጊዜውን ነገር አስቡት። እዚህ አገር ንጉሡ ከወረዱ ሁለት ዓመት ገደማ ሆኗል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተልከው ነበር። ቀጥሎ ቀይ ሽብር መጣ። በዚያው ሰሞን አንድ ኢትዮጵያዊ ስለ ቁርኝቶች ቁርኝት አንድ ነገር አረጋገጠ።

የቁርኝቶች ቁርኝት ምንድን ነው? በምሳሌ ላሳያችሁ። ሁለት ፊደል ብቻ ያዙ፣ ሀ እና ለ። ከእነሱ ሦስት ብዜቶች ሥሩ፦ ሀሀ፣ ሀለ፣ ለለ። እነዚህ ሦስቱ ዘመዳሞች ናቸው። የመጀመሪያውን በ ለ ብታባዙትና ሁለተኛውን በ ሀ ብታባዙት ውጤቱ አንድ ነው፤ ሀሀለ። ይህ አንድ ቁርኝት ነው። ሁለተኛውን በ ለ፣ ሦስተኛውን በ ሀ ብታባዙም እንዲሁ ይገጥማሉ፤ ሀለለ። ይህ ሌላ ቁርኝት ነው። የመጀመሪያውና ሦስተኛውም አላቸው፤ አንዱን በ ለለ፣ አንዱን በ ሀሀ ስታባዙ።

ሦስት ቁርኝት ሆነ። ግን ልብ በሉ፣ ሦስተኛው ከሁለቱ ይወጣል። የመጀመሪያውን ቁርኝት በ ለ፣ ሁለተኛውን በ ሀ አባዝታችሁ ብትቀጥሏቸው ሦስተኛው ራሱ ይመጣል። ስለዚህ ቁርኝቶቹ እርስ በርሳቸውም ተቆራኝተዋል። ይኸው የቁርኝቶች ቁርኝት። ፊደላቱና ብዜቶቹ ሲበዙ የቁርኝቶች ቁርኝት ቁርኝት ይመጣል፣ እያለ ይቀጥላል። ሰንሰለቱ ሪዞሉሽን ይባላል። በተገቢው መንገድ ከተሠራ ማለቂያ እንዳለው፣ ከፊደላቱ ቁጥር በላይ እርምጃ እንደማይፈጅ ዳቪድ ሂልበርት በ1890 እ.ኤ.አ. አረጋግጧል።

አሁን ያንን የመንገድ ካርታ አስታውሱ። ሦስቱን ብዜቶች እንደ ሦስት ከተማ ሣሏቸው። ሦስቱን ቁርኝቶች በመካከላቸው እንደ ሦስት መንገድ። የቁርኝቶቹን ቁርኝት ደግሞ ሦስቱ መንገዶች የከበቡት ሜዳ አድርጉት። ሦስት ማዕዘን ሆነ! ዳያና ቴይለር በ1966 እ.ኤ.አ. ቺካጎ በሠራችው ቴሲስ ያሳየችው ይህ ለማንኛውም የብዜቶች ስብስብ እንደሚሠራ ነው። ቅርጹ ከቶፖሎጂ፣ ሥራው ለአልጀብራ። ዛሬ የቴይለር ሪዞሉሽን እንለዋለን።

ገመዳ የጠየቁት ቀጣዩን ጥያቄ ነው። ይህ ሰንሰለት መደመር እንዳለው እናውቃለን፤ ማባዛትስ አለው? ማለትም፣ ሁለት ከተማ «አባዝቶ» በመካከላቸው ያለውን መንገድ ማግኘት፣ ከተማን ከፊት ለፊቱ ባለው መንገድ አባዝቶ ሜዳውን ማግኘት ይቻላል? ሲባዛስ ከሰንሰለቱ ሕግ ጋር ሳይጋጭ ይሄዳል? መልሱ አዎ ነው። ሁለት ቅርጾች የሚጋሩት ማዕዘን ከሌለ ብዜታቸው ሁለቱን የያዘው ትልቁ ቅርጽ ነው፣ ከፊቱ ተገቢው ምልክትና ብዜት ተጨምሮበት፤ የሚጋሩት ካለ ዜሮ ነው። ስትሰሙት ግልጽ ይመስላል። ጥሩ ቲዎረም ከተገኘ በኋላ እንደዚያ ነው፤ ድሮውንም እዚያው የነበረ ይመስላል።

ጥያቄው ትልቅ ጥያቄ ነበር። በዚያ ዘመን እዚያው ብራንዳይስ የነበሩት ዴቪድ ቡክስባውምና ዴቪድ አይዘንባድ በ1977 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ አጫጭር ሰንሰለቶች፣ ሦስት እርምጃ ድረስ ያሉት፣ ምንም ትርፍ ሳይኖራቸውም ማባዛት እንዳላቸው አሳዩ። ለሁሉም ይሠራል ወይ? ሉቼዛር አቭራሞቭ በ1981 እ.ኤ.አ. አይሠራም አለ፤ የሚያግደውንም ነገር አሳየ። የቴይለር ሰንሰለት ትርፍ አለበት፤ በምሳሌያችን ሦስተኛው ቁርኝት ትርፍ ነበር። ግን ማባዛቱን ይችለዋል። ትርፉን ስትቆርጡ ማባዛቱ አንዳንዴ አብሮ ይሄዳል። ታዲያ መቼ ይቆያል፣ መቼ ይጠፋል? በዚህ ላይ ዛሬም ወረቀት ይጻፋል፤ ጸሐፊዎቹም የቴይለር ሰንሰለት ይባዛል ሲሉ የ1976ቱን የገመዳን ቴሲስ ይጠቅሳሉ።

ለተማሪዬ ይህን ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና፣ «ስለዚህ እዚያ ማዶ ያሉት በዚህ ያውቋቸዋል፣ እኛ ደግሞ በማትሪክስ» አለች።

*

እሷ ያለችው ነገር የእኛ አገር የሒሳብ ተመራማሪ ሕይወት በአጭሩ ነው።

አንድ ሰው ሁለት ነገር ይጽፋል። አንደኛው በዓለም ላይ ጥቂት ሰዎች የሚያነቡት፣ ግን ከአርባ ዓመት በኋላም የሚጠቀስ ቲዎረም ነው። ሁለተኛው አገር ሙሉ ተማሪ የሚያልፍበት መጽሐፍ ወይም ሃንድአውት ነው፤ ማንም አይጠቅሰውም፣ ፎቶ ኮፒ ይደረጋል፣ ጫፉ ይቀደዳል፣ ለሚቀጥለው ባች ይተላለፋል። ሁለቱን የሚያገናኝ ቀስት የለም። ዳጉው እዚያ ላይ ተቋርጧል።

ይስማው ዓለሙም እንደዚያው ናቸው። የቁጥር ቲዎሪ መግቢያቸውን የምናውቀው እዚህ ነው። አክታ አሪትሜቲካ በተባለው የፖላንድ መጽሔት ላይ ደግሞ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በፒ-አዲክ ቁጥሮች ዓለም ውስጥ እኩልታዎች መቼ መፍትሔ እንዳላቸው ጽፈዋል። ፒ-አዲክ ዓለም ውስጥ ቅርበት ማለት ሌላ ነገር ነው። ለምሳሌ 5ን ብንመርጥ፣ 1 እና 626 ጎረቤት ናቸው፤ ልዩነታቸው 625 ነውና፣ ለ5 አራት ጊዜ ይካፈላል። 1 እና 2 ግን ሩቅ ናቸው። የቅርብና የሩቅን ትርጉም ለውጦ ቁጥርን ማየት፤ እንደገና አልጀብራና ቶፖሎጂ በአንድ ቤት።

ከእነሱ ወዲህ ነገሩ ሰፍቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት የተቋቋመው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬ በአልጀብራ ዶክትሬት ለመያዝ ከአገር መውጣት ግድ አይደለም። የህንድ መምህራን ብዙ አስተምረውናል፤ ስዋሚና ራኦ በ1981 እ.ኤ.አ. የጀመሩት የላቲስ ዓይነት ላይ ከባሕር ዳርም ከአዲስ አበባም ብዙ ጽሑፍ ወጥቷል። ማለትም ሰንሰለቱ አለ። ግን አንድ ተማሪ የሚያየው ሰንሰለቱን አይደለም፤ የሚያየው መምህሩ ስንት ሴክሽን እንደያዘ፣ ደመወዙ ለወሩ መጨረሻ እንደማይደርስ፣ ከአራት መቶ በላይ የፈተና ወረቀት ተሸክሞ እንደሚሄድ ነው። «ምርምር» የሚለው ቃል ለእሱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ቃል ነው።

ደግሞ ሁሌ የሚመጣ ጥያቄ አለ። አንድ ስብሰባ ላይ ስለማጠናው ሳስረዳ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ «ይህ ለአርብቶ አደሩ ምን ይጠቅማል?» አለኝ። ጥያቄው ክፋት የለውም። ድርቅ ባለበት አገር ይጠየቃል፣ ይገባልም። የመለስኩለት ይህን ነው፦ በቀጥታ ምንም። ነገር ግን የአርብቶ አደሩ ልጅ ክፍሌ ውስጥ አለች። እሷ ማትሪክስን ከሚሸመድድ ሰው ተማረች ወይስ ማትሪክስ ወዴት እንደሚወስድ ከሚያውቅ ሰው፣ ልዩነት አለው። መንገዱን ሄዶ የማያውቅ ሹፌር ካርታ ሊያነብልህ ይችላል፤ ሲዘጋ ግን በየት እንደሚዞር አይነግርህም።

*

ይህ ሁሉ ለእኔ የወሬ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ባለፈው ዓመት ሥራ ተሰጥቶኝ ነበር።

ከጅቡቲ የሚወጣ ጭነት በየትኛው መንገድ፣ በስንት መኪና፣ በየትኛው ሰዓት ይሂድ የሚለውን የሚያሰላ ሰው የሚፈልግ አንድ የትራንስፖርት ድርጅት ነው። ደመወዙ ከማገኘው ከሁለት እጥፍ በላይ፣ መኖሪያዬ አዲስ አበባ። ሥራው የሚናቅ አይደለም፤ ያው ከተሞችና መንገዶች ናቸው፣ ደግሞ የአባቴ መንገዶች። አባቴ ወገቡን ታሞ መንዳት ካቆመ ቆይቷል። ታናሽ ወንድሜ አዳማ የግል ኮሌጅ ይማራል፣ የምከፍለው እኔ ነኝ። ስለዚህ «ሕልሜን ተከትዬ» ምናምን የሚለውን ወሬ ለሌላ ሰው ተዉት። ሒሳቡ ወረቀት ላይ ግልጽ ነበር።

እኔ ደግሞ በዚያን ሰሞን አንድ ጥያቄ ይዞኛል። የመንገድ ካርታን ወስዳችሁ ለእያንዳንዱ ከተማ አንድ ፊደል ስጡ። ለእያንዳንዱ መንገድ የሁለቱን ጫፍ ከተሞች ፊደል አባዙ። አዋሽና ሚሌ፣ አሚ። ሚሌና ሰመራ፣ ሚሰ። ካርታው ወደ ብዜቶች ስብስብ ተለወጠ። በ1990 እ.ኤ.አ. ራፋኤል ቪያሪያል የሚባል ሜክሲኳዊ ይህን ማጥናት ጀመረ፤ ዛሬ ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆኗል። ካርታው ስብስብ ከሰጠን ስብስቡ ሰንሰለት ይሰጠናል። ትርፉን ስንቆርጥ የገመዳ ማባዛት የሚተርፈው ለየትኞቹ ካርታዎች ነው? ቀለበት የሌለው ካርታ፣ እንደ ወንዙ ያለው፣ ምን ያደርጋል? አንድ ቀለበት ሲኖርስ? የቀለበቱ ርዝመት ለውጥ ያመጣል? ይህ ነው ጥያቄዬ። በጠዋት፣ ሙቀቱ ከአርባ ዲግሪ ሳያልፍ፣ አንድ ሰዓት ተኩል እሠራበታለሁ። ከዚያ ክፍል እገባለሁ።

አዋሽ ሄጄ ለእማዬ ነገርኳት። ቡና እያፈላች ሰማችኝ።

«ስንት አሉ?»

ነገርኳት።

«እና ያኛው፣ የፊደሉ ሥራ፣ ስንት ያመጣል?»

«ምንም።»

«ምንም ከሆነ ለምን ትሠሪዋለሽ ልጄ?»

ያኔ የቴሲሱን ነገር ነገርኳት። አንድ ሰው በዚያ ክፉ ዘመን አንድ ነገር አረጋግጠው እንዳስቀመጡ፣ ያ ነገር እስካሁን እንደቆመ፣ እኔ ቀጥሎ ያለውን እርምጃ እየፈለግሁ እንደሆነ። አባቴ ከአልጋው ሆኖ ይሰማ ነበር። «ሰውየውን ታውቂያቸዋለሽ?» አለኝ። አላውቃቸውም፣ ሥራቸውን ነው የማውቀው አልኩት። «እሱ ይበቃል» አለ። «እኔም መንገዱን ማን እንደሠራው አላውቅም፤ ነድቼበታለሁ።»

እማዬ ግን በቀላሉ የምትለቅ አይደለችም። «መንገድ ሠሪው እኮ ተከፍሎታል» አለች።

ልክ ናት። ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። አንድ አገር ሒሳብ አስተማሪ እንዲኖረው ከፈለገ፣ አስተማሪው ከጥያቄውና ከወንድሙ ትምህርት ቤት ክፍያ አንዱን እንዲመርጥ መገደድ የለበትም። ደግሞ ምርጫውን ያየ ወጣት ሁሉ እንደ እኔ ይምረጥ አልልም። አብረውኝ ከተመረቁት መካከል ባንክ የገቡ፣ ሶፍትዌር የሚሠሩ አሉ፤ አልጀብራው እዚያም ጠቅሟቸዋል፣ ቤተሰባቸውንም ይረዳሉ።

ድርጅቱን አንድ ነገር ጠየቅኋቸው፦ ክረምቱን ለእናንተ ልሥራ፣ መስከረም ላይ ወደ ክፍሌ ልመለስ። አልተቀበሉም። እኔም አልሄድኩም። የወንድሜን ክፍያ ለመሸፈን ማታ ማታ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን አስጠናለሁ፤ ቅዳሜም ጭምር። የጠዋቷን አንድ ሰዓት ተኩል ግን አልነካኋትም።

ያቺ የአሳይታ ተማሪ አሁን አራተኛ ዓመት ናት። የመመረቂያ ጥናቷን የምትሠራው ዛፍ በሆኑ ካርታዎች ላይ ነው፤ የአዋሽን ወንዝ ከነገባሮቹ በፊደል ጽፋ ግድግዳዋ ላይ ለጥፋዋለች። የቁርኝቶቹን ሰንሰለት በእጇ እያሰላች ነው፤ እኔ በኮምፒውተር አረጋግጥላታለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ቦታ ላይ ሁለታችን የተለያየ ቁጥር አገኘንና እስከ ምሽት ተከራከርን። ገና አልተስማማንም።

እማዬ እሁድ እሁድ ትደውላለች። ስለ ወንድሜ ትጠይቃለች፣ ስለ ሙቀቱ ትጠይቃለች፣ ከዚያ ሳቅ እያለች፣ «ያ ሰንሰለትሽስ አለቀ?» ትለኛለች።

«ገና ነው እማዬ» እላታለሁ፤ «ሦስተኛው እርምጃ ላይ ነን።»